የቆቅ ተረትና የእባብ አደራ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ፤ ብቻ እኔን ከላሟ ጋር እንዳታምታቱኝ።

ኮሽ ባለ ቁጥር ክንፏን እንቁላሎቿ ላይ የምትዘረጋ አንዲት ቆቅ ነበረች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ተረት አውሪልን ቢሏት፣ የገዛ እንቁላሎቿን ስለምትሰብር ክፉ ወፍ፣ ለእንቁላሎቹም ስላለቀሰ ደግ እባብ ፈጥራ አወራችላቸው። ያላለቀሰ አልነበረም።

በማግስቱ ውሃ ጠጥታ ስትመለስ ጎጆዋ ባዶ ነው። ክው አለች።

«እንቁላሎቼስ?» ብላ ጮኸች።

የሰፈሩ ሽማግሌ ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሳትሰብሪያቸው ወሰድናቸው።»

«እኔ? ኧረ አባባ፣ ተረት እኮ ነው! ከራሴ ፈጥሬ ነው ያወራሁት!»

«ተይ እንጂ ልጄ፤ ያልደረሰበትማ እንደዚያ አያስለቅስም።»

ቆቅ ዙሪያዋን ቃኘች። «እሺ፣ የት አደረሳችኋቸው?»

«አታስቢ፣ ለደጉ ነው የሰጠናቸው» ብሎ ወደ ቋጥኙ ጠቆማት።

ቋጥኙ ላይ እባብ፣ ሆዱ እዚህም እዚያም አብጦ፣ ፀሐይ ይሞቃል። ቆቅን ሲያያት ቀና አለና፣

«እኅቴ፣ ተረትሽን ሲነግሩኝ አንጀቴን በላው። ዛሬስ ምን ታወሪልናለሽ?» አላት።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርብኝ፣ ልጆቼን ብቻ አትንኩብኝ።