እመት ቦጋለችና የወይዘሮ ጌጤነሽ አገጭ

ይህን የነገረኝ አጎቴ ነው። ለአጎቴ የነገሩት አማቱ ናቸው። ለአማቱ ማን እንደነገራቸው ሲጠየቁ ግን፣ «የሞተ ሰው ለምስክርነት አይጠራም» ይሉ ነበር አሉ። እንግዲህ ውሸት ካለበት የሟች ነው፤ የቀረው የኔ።

ቦጋለች የወይራ አምባ ሰው ናት። ባሏ ኮርቻ ሰፊ ነበር፤ ሞተባት። ካንዲት በቅሎ በቀር ልጅም ሀብትም አልተወላትም፤ የነበራት ምላስ ብቻ ነው። በዚያ አገር ድግስ የደገሰ ሰው ቦጋለችን ካልጠራ ምን ትለኝ ይሆን ብሎ ይፈራል፤ ከጠራትም ምን ትለኝ ይሆን ብሎ ይፈራል። አንድ ጊዜ ባላምባራስ ሽበሺ የሚባሉ ንፉግ ጌታ ጠላውን አቅጥነው ደገሱና፣ «እመት ቦጋለች፣ ጠላዬ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቋት። እሷም ጎንጨት አለችና ዋንጫውን አስቀመጠች።

«ውኃው ደግ ነው ጌታዬ። ጌሾው ገና መንገድ ላይ ነው መሰለኝ።»

የወይራ አምባ ገዥ ሴት ነበሩ፤ ወይዘሮ ጌጤነሽ ይባላሉ። ባላቸው ሲሞቱ አገሩን እንደያዙ ቀሩ። ፍርዳቸው ቀጥ ያለ ነበር፤ ቁጣቸው ደግሞ ከፍርዳቸው ይፈጥናል። ከቦጋለች ጋር አብሮ አደግ ናቸው። በልጅነታቸው አንድ ቁርበት ላይ ተኝተዋል፣ ባንድ ገበታ በልተዋል። በኋላ አንዷ ወይዘሮ፣ አንዷ የኮርቻ ሰፊ ሚስት ሆኑ እንጂ ፍቅራቸው አልተለወጠም። ቦጋለች በሰው ፊት «እመቤቴ» ትላቸዋለች፤ ሰው ሲወጣ «ጌጤ» ናቸው።

ታዲያ ወይዘሮ ጌጤነሽ ዕድሜያቸው ገፋ ሲል አገጫቸው ላይ ጢም አበቀሉ። መጀመሪያ አንዲት ጸጉር ነበረች። ከዚያ ጎረቤት ጠራች። ውሎ አድሮ ፀሐይ ሲያርፍበት ከሩቅ የሚታይ፣ ነፋስ ሲነሣ የሚወዛወዝ ጢም ሆነ።

ራሳቸው እንዴት አላወቁም ብዬ አጎቴን ጠይቄዋለሁ። «አንተ ደግሞ! ወይዘሮ ፊቷን መቼ ራሷ ታጥባለች? የሚያጥብ ሌላ፣ የሚያብስ ሌላ፣ የሚያጎርስ ሌላ። መስታወቷንም ባሏ ሲሞት ለሐዘን ገልብጣ ሰቅላዋለች» አለኝ።

ሊነግራቸው የሞከረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሳያውቅ። አጋፋሪው ድልነሣው እንግዳ ሊያስገባ ጠጋ ሲል ክር መሰለውና፣ «እመቤቴ፣ ክር ይዞዎታል» ብሎ ሳብ አደረገ። ክሩ አልመጣም፤ የመጡት ወይዘሮ ናቸው። ጩኸታቸው እስከ ገበያው ተሰማ። «አገጬን ቆነጠጠኝ!» አሉና አጋፋሪው ቆላ ወርዶ ማሽላ ከዝንጀሮ እንዲጠብቅ ፈረዱበት። ከዚያ ወዲያ በወይራ አምባ ስለ ክር እንኳ የሚያወራ ጠፋ። ሸማኔዎቹ ሳይቀሩ «ያ ነገር» ይሉት ጀመር።

የግቢው ሰው ተመካክሮ ቦጋለች ዘንድ መጣ። «አንቺ ወዳጃቸው ነሽ፤ ንገሪያቸው» አሏት።

«ወዳጃቸው ሆኜ ነው የጨነቀኝ። ጠላታቸው ብሆን ዛሬ ጠዋት ነግሬያቸው ነበር» አለች።

አብረው የመጡት የወይዘሮ ነፍስ አባት መምሬ ክንፉ ነበሩ። ነጭ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ «ልጄ፣ የወዳጁን ነውር አይቶ ዝም ያለ ከጠላት ይከፋል» ብለው ገሠጿት።

«ነውር ያሉት ጢምን ነው አባቴ? እንግዲያው ከርስዎ እንጀምር።»

ሰዎቹ እየሳቁ ሄዱ። ቦጋለች ግን ብቻዋን ስትቀር አልሳቀችም። «ብነግራት ታፍራለች። በኔ ፊት ካፈረች ደግሞ ፊቴን ማየት ትጠላለች። ባልነግራት ሌላ ይነግራታል፣ ያውም እየሳቀ» እያለች ታወጣለች፣ ታወርዳለች። መናገሩን ልልመድ ብላም በቅሎዋን ደጅ አቆመችና፣ «ጌጤ እኅቴ፣ እንዳትቆጪ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» ማለት ጀመረች። በቅሎዋ ጆሮዋን ጥላ ሰማቻት፤ ሰማቻትና ሣር ወዳለበት ሄደች። ጎረቤቷ ከአጥር ወዲያ ሆና፣ «ምን ብላ መለሰችልሽ?» ብትላት፣

«እኔን ምን አገባኝ፣ ራስሽ ንገሪያት አለችኝ።»

በዚህ መካከል ባላምባራስ ሽበሺ ብልሃት አመጡ። «አገጫቸውን ካላየን ዓይናችን አያሳብቅብንም። ስናነጋግራቸው ሁላችንም ግንባራቸውን እንይ» አሉ። ሰው ሁሉ ተስማማ። ገበሬውም፣ ካህኑም፣ ባለጉዳዩም የወይዘሮን ግንባር እያየ ይናገር ጀመር። ወይዘሮ ተጨነቁ። ግንባራቸውን ቅቤ አስቀቡ፤ አልሆነም። በጠበል አሳጠቡ፤ አልሆነም። ደብተራ አስጠርተው ክታብ ግንባራቸው ላይ አሰሩ፤ ይኸን ጊዜማ ሰው ግንባራቸውን ለማየት ምክንያት አገኘ። በመጨረሻ ቦጋለችን ለብቻዋ ጠሯት።

«ቦጌ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ግንባሬ ላይ ምን አለ?»

«ምንም የለም ጌጤ።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ምኑን ነው የሚያየው?»

«ምንም የሌለበትን ቦታ መርጦ ነዋ!»

ወይዘሮ ይህን ከአክብሮት ቆጠሩትና ክታቡን ፈቱት።

ቀጥሎ የፍየል ክርክር መጣ። ሁለት ገበሬዎች ባንዲት ፍየል ተካሰው በወይዘሮ ችሎት ቀረቡ። ከሳሹ፣ «የኔ ለመሆኗ ምልክት አላት እመቤቴ። ሴት ሆና ሳለ ጢሟ ደረቷ ይደርሳል» አለ። መምሬ ክንፉን ሳል ያዛቸው። ባላምባራስ ግንባር ማየቱንም ረስተው ጣራ ጣራ ያያሉ። ወይዘሮ ጌጤነሽ ብቻ ሳቁ፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ሴት ሆና ጢም! እስቲ አምጧት ልያት!» አሉ። ፍየሏ ገብታ ቆመች። ሁለቱ ፊት ለፊት ተያዩ። «ወይ ጉድ! ይህን ተሸክማ እንዴት ከመንጋው ጋር ትውላለች? አታፍርም? ቦጋለች፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ቦጋለች ፍየሏን አየች፤ ወይዘሮን አየች።

«እሷ ምን ታፍራለች እመቤቴ? ጢሙን የምናየው እኛ ነን።»

ወይዘሮ አነጋገሯን ወደዱላትና ለከሳሹ ፈረዱ። የተረታው ሰውዬ ሲወጣ፣ «አይ እንግዲህ፣ ጢም ለጢም ሲተያይ» ብሎ ሊያጉረመርም ቢጀምር ዘመዶቹ አፉን አፍነው ወሰዱት።

ነገሩ እስከዚህ ሳቅ ነበር። ከዚያ ክፉ ወሬ መጣ። የሟች ባላቸው ወንድም ግራዝማች ወሰኔ፣ «ሴት አገር አትገዛም፤ ወይራ አምባ ለኔ ይገባኛል» ብለው የበላይ ገዥው ደጃዝማች ዘንድ ከሰሱ። ደጃዝማቹም ወይራ አምባ ድረስ መጥተው በአደባባይ ሊሰሙ ቀጠሩ። ግራዝማች አዝማሪ ይዘው እንደሚመጡም ተሰማ። አዝማሪ የሴት ጢም ካየ ምን እንደሚያደርግ ማንም ያውቃል፤ ሰውየው ያልፋል፣ ግጥሙ ይቀራል። ወይዘሮ በአገር ፊት መሳቂያ ከሆኑ ደግሞ አገሩም ከእጃቸው መውጣቱ ነው።

ቦጋለች ቆርጣ ተነሣች። በቀጠሮው ዋዜማ ወይዘሮ ዘንድ ገብታ ሰው ሁሉ እንዲወጣ አስደረገች። ፊት ለፊት ስትቀመጥ ግን ያ ሁሉ ምላስ ታሰረ። እስቲ በእንቆቅልሽ ልቅረባት አለች በሆዷ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን ዐውቅልሽ?» አሉ ወይዘሮ፤ ልጅነታቸው ትዝ ብሏቸው ደስ አላቸው።

«ሳይዘሩት የበቀለ፣ ባለቤቱ ያላየው፣ አገር ሁሉ ያየው።»

«አረም!»

«አይደለም።»

«የሰነፍ ሰው ማሳ!»

«እሱም አይደለም።»

«አቃተኝ።»

«እንግዲያው አገር ስጪኝ።»

ልጆች ሲጫወቱ መልሱ የጠፋው አገር ይሰጣል፤ ለጨዋታ ያህል ነው። ወይዘሮ ጌጤነሽ ግን የሚሰጡት እውነተኛ አገር ነበራቸው። «ዋርካ ሜዳን ሰጥቼሻለሁ!» አሉ ጮክ ብለው። ደጅ የቆመው ምስለኔ ሰማና የዋርካ ሜዳን ጭቃ ሹም፣ «ጌታህ ተለውጧል» ሊለው ሮጠ።

«በይ አሁን መልሱን ንገሪኝ» አሉ ወይዘሮ። እንደ ሕፃን አገጫቸውን ቀና አድርገው ይጠብቃሉ። ቦጋለች አየቻቸው። ልቧ ከዳት።

«የማጅራት ጸጉር» አለች።

ወይዘሮ አጨበጨቡ። ሲነጋ ማጅራታቸውን አስላጩ፤ እሳቸውን አይተው የግቢው ወይዛዝርት ሁሉ ማጅራታቸውን ተላጩ። ባላምባራስ ሽበሺ ይህን ጉድ አይተው ቦጋለች ዘንድ እየሮጡ መጡ። «ነገርሻቸው ወይስ አልነገርሻቸውም?»

«አልነገርኳቸውም። ግን እንደዚሁ ደጋግሜ ብሞክር ግራዝማች የሚከሱበት አገር አይተርፋቸውም።»

አደባባዩ ሞላ። ደጃዝማቹ ከዋንዛው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ወይዘሮ ጌጤነሽ በስተቀኛቸው ናቸው፤ ማጅራታቸው ያብረቀርቃል፣ ጢማቸውን ነፋስ ያወዛውዘዋል። ግራዝማች ወሰኔ ተነሡ። ቁመታቸው እንደ ግንድ፣ ድምፃቸው እንደ ነጎድጓድ ነው። ፊታቸው ግን እንደ እንቁላል ልሙጥ ነበር፤ አንዲት ጸጉር በቅላበት አታውቅም። አዝማሪያቸው አጠገባቸው ማሲንቆውን ይቃኛል።

«ደጃዝማች ሆይ!» አሉ ግራዝማች። «አገር የወንድ ነው! ጢም የሌለው አገር አይገዛም! ሕጉ ይኸው ነው!»

ደጃዝማቹ ዞረው ወይዘሮን አዩ። ከዚያ ግራዝማችን አዩ። ከዚያ እንደገና ወይዘሮን አዩ። ወይዘሮ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ መልስ ፍለጋ ወደ ቦጋለች ተመለከቱ። ቦጋለች ብትናገር ወዳጇን፣ ዝም ብትል የወዳጇን አገር እንደምታጣ ዐወቀች። ተነሥታ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ግራዝማች በራሳቸው ላይ ፈርደዋል። እሳቸው ባሉት ሕግ ከሄድን፣ ከሁለቱ ባለ ጢም እመቤቴ ናቸው።»

ሳቁ ወፎቹን ከዋንዛው ላይ አስነሣ። ደጃዝማቹ ራሳቸው ሆዳቸውን ይዘው፣ «በቃ፣ በቃ፣ ተፈርዷል!» አሉ። አዝማሪው ለማን እንደሚገጥም ለጊዜው ግራ ገባው፤ ወዲያው ግን ነፋሱ ወደሚነፍስበት ዞሮ በገዛ ጌታው ልሙጥ ፊት ላይ ይገጥም ጀመር። ግራዝማች በቅሏቸውን አስጭነው ሳይሰናበቱ ወረዱ። አገሩ ለወይዘሮ ጸና።

ወይዘሮ ጌጤነሽ ግን አልሳቁም። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ አገጫቸው ሰደዱ። አገኙት።

እንግዳው ተሸኝቶ ሲያበቃ ቦጋለችን አስጠሯት። ገብታ ከእግራቸው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ ወይዘሮ።

«ቆየ።»

«አንቺም ታዪው ነበር?»

«አየው ነበር።»

«አገር ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ ሳላውቅ! ያቺን ምስኪን ፍየል እንኳ እየሳቅሁባት! ከማን ልስማው ኖሯል ቦጌ? ከግራዝማች አዝማሪ?»

«ፈራሁሽ ጌጤ» አለች ቦጋለች። «ቁጣሽን አይደለም። እኔን ባየሽ ቁጥር ጢምሽ ትዝ እንዳይልሽ ፈራሁ። አንቺን ከማጣ ጢምሽን ችዬ ልኑር አልኩ።»

ወይዘሮ አገጫቸውን እየዳበሱ ወለል ወለሉን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው የቦጋለችን ፊት ተመለከቱ። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቦጋለች ልታለቅስብኝ ነው ብላ ደነገጠች። ልቅሶ አልነበረም፤ ሳቅ ነው።

«እንግዲያውስ እኩል ነን» አሉ። «እኔስ ያንቺን፣ ከከንፈርሽ በላይ ያለውን ሪዝ፣ ስንት ዘመን ሙሉ እያየሁ ዝም ያልኩሽ ፈርቼሽ አይደል?»

የቦጋለች እጅ ወደ ከንፈሯ በረረ። ዳሰሰች። አለ፤ ያውም ዳር ዳሩ የተጠቀለለ። አጎቴ እንደሚለው ቦጋለች በሕይወቷ መልስ ያጣችው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ለአንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ እጇን አወረደችና ነጠላዋን አስተካከለች።

«ዐውቃለሁ ጌጤ። ያንቺው ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው ያሳደግሁት።»