አልከፈትም ያለው ፋይል

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የዛሬው ተረት ላምም በረትም የለበትም። ሁሉም የሆነው በአንድ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነው።

ትርንጎ የምትባል የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። የተማሪዎችን ውጤት የሚያዘጋጀውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷው ናት። በዚህም ትንሽ ትኮራለች፤ ትኩራ፣ ይገባታል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የግቢው ጥበቃ ጋሽ ገብረየስ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው መጡ። በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው፣ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን አልፈው ኮሌጅ ደርሷቸዋል። ምዝገባው ነገ ያበቃል፤ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል፤ የቀረው የውጤታቸው ወረቀት ብቻ ነው።

«ልጄ፣ እቺን ወረቀት ብቻ» አሉ።

«አሁኑኑ፣ ጋሼ» አለችና ፋይሉን «ተከፈት» ብላ አዘዘችው።

ፋይሉም «አልከፈትም» አለ። «ጸሐፊው ይዞኛል፤ እሱ ሳይለቀኝ ለማንም አልከፈትም።»

ወደ ጸሐፊው ሄደች፤ ጸሐፊው ማለት ውጤቱን ፋይሉ ላይ የሚጽፈው ፕሮግራም ነው። «ፋይሉን ልቀቅ፤ ፋይሉ ይከፈት፤ ጋሼ ይሂዱ» አለችው።

«አልለቅም» አለ ጸሐፊው። «ልጄን ሥራ ልኬዋለሁ። ልጁ ሳይመለስ በሩን ዘግቶ የሚተኛ አባት አይተሻል?»

ትርንጎ በገነች። ፕሮግራምን በግድ የሚያቆመውን «ግደል» የሚለውን ትእዛዝ ልትጽፍ ጣቷን አነሳች። «ግደይኝ፤ ፋይሉም በግማሽ ተጽፎ ይቅር» አላት ጸሐፊው። ምን ታድርግ፣ ጣቷን መለሰች።

ወደ ልጁ ሄደች፤ ልጁም ጸሐፊው የወለደው ትንሽ ፕሮግራም ነው። «አንተ፣ ተመለስ፤ አባትህ ፋይሉን ይልቀቅ፤ ፋይሉ ይከፈት፤ ጋሼ ይሂዱ» አለችው።

«አልመለስም» አለ ልጁ። «የያዝኩትን ቁጥር ቧንቧው ውስጥ ሳላፈስ የት እሄዳለሁ? ቧንቧው ደግሞ አልቀበልም ብሎኛል።»

አውቶቡሱ እንደገና ጮኸ። ትርንጎ ቁጥር ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ወደሚፈስበት ወደ ቧንቧው ሮጠች። «ቧንቧ ሆይ፣ ቁጥሩን ተቀበል፤ ልጁ ይመለስ፤ አባቱ ፋይሉን ይልቀቅ፤ ፋይሉ ይከፈት፤ ጋሼ ይሂዱ!»

«አልቀበልም» አለ ቧንቧው። «እስከ አፌ ሞልቻለሁ። በወዲያ ጫፍ ያለው አንባቢ ካላጎደለልኝ የት ላድርገው?»

አንባቢው ቁጥሩን ከቧንቧው እየቀዳ የሚያጣራ ፕሮግራም ነው። ትርንጎ ትንፋሽ እያጠራት ደረሰች። «አንባቢ ሆይ፣ አንብብ፤ ቧንቧው ይጉደል፤ ልጁ ቁጥሩን አፍስሶ ይመለስ፤ አባቱ ፋይሉን ይልቀቅ፤ ፋይሉ ይከፈት፤ ጋሼ ይሂዱ!»

«በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ አንባቢው፣ እጁን አጣጥፎ።

የትርንጎ እንባ መጣ። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አንብብ ስለው በቃኝ ይላል።»

ጋሽ ገብረየስ አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን አዩ። «ስንቴ ለመንሽው?»

«አንዴ ነዋ! ፕሮግራሙን ስጽፈው አንዴ እንዲጠየቅ ነው ያደረግኩት።»

«አይ ልጄ! በየት አገር ነው እንግዳ በአንድ ልመና ማዕድ የሚቀርበው? በቃኝ ያለ ሁሉ ጠግቦ መሰለሽ? ድገሚለት እንጂ!»

ትርንጎ አፈረች፤ ቤቷ በመጣ ሰው ላይ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። አንባቢው እሺ እስኪል ተደጋግሞ እንዲጠየቅ አንዲት መስመር ጨመረች።

«አንብብ።»

«በቃኝ።»

«አንብብ እንጂ!»

«ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት።»

«በሞቴ! አፈር ስሆን!»

«እንግዲህ ካልሽ…» አለና አንባቢው እጅጌውን ሰብስቦ ቀረበ።

ያን ጊዜ አንባቢው አነበበ፤ ቧንቧው ጎደለ፤ ልጁ ቁጥሩን አፈሰሰ፤ አፍስሶም ተመለሰ፤ አባቱ ፋይሉን ለቀቀ፤ ፋይሉ ተከፈተ፤ ፕሪንተሩም እያጉረመረመ ወረቀቱን ተፋ። ትርንጎ ማኅተሙን መታችበትና ደስታዋ አላስቀምጥ ብሏት ሻንጣውን ራሷ ተሸክማ እስከ በር ሮጠች።

የአውቶቡሱ ረዳት ፊቱን አጥቁሮ ጠበቃቸው። «አባባ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ያስቆሙት ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?»

«የለም» አሉ ጋሽ ገብረየስ፣ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ይዘው እየወጡ። «ራሴን።»