እርስዎ ይቅደሙ

ተረት ተረት፣ የላም በረት፤ ጆሮ ያለው ይግባ፣ ጉረኛ ይቅርበት።

አይጢት በእንስሳት ትምህርት ቤት አንደኛ ወጣችና «ምርጦቹ ክፍል ግቢ» ተባለች። ደስታዋ ጭራዋን አስጨፈረው። እናቷ ግን፣ «ልጄ፣ በዚያ ክፍል ያሉት ግዙፎች ሳያዩሽ ረግጠው ዱቄት ያደርጉሻል» አለቻት።

«እስቲ አይቼ ልወስን» ብላ ሄደች። በሩ ላይ በሬና ፈረስ ቆመዋል።

«አያ ፈረስ፣ ይቅደሙ እንጂ» ይላል በሬ።

«በሞቴ፣ እርስዎ እያሉ?» ይላል ፈረስ።

ሁለቱም ጨዋ ነን ባዮች፣ ለካ ከመስከረም ጀምረው እንዲህ ሲባባሉ ጥር ገብቷል።

አይጢት ሳቋን አፍና በእግሮቻቸው መሃል ሾለከች። ውስጥ የኔታ ጉሬዛ ነጭ ካባቸውን ተከናንበው ብቻቸውን ያንቀላፋሉ።

«የኔታ፣ እዚህ የሚያስተምሩት ምንድን ነው?» አለች።

«የሚገባ ጠፍቶ ልረሳው ነበር እኮ ልጄ፤ በይ ተቀመጪ» አሏት።

ተቀመጠች። ሰኔ ላይ የምርጦቹን ትምህርት ሁሉ ጨርሳ ስትወጣ በሬና ፈረስ እዚያው በሩ ላይ ናቸው። እንዳዩዋት ጎንበስ ብለው፣

«እመት አይጢት፣ እርስዎ ይቅደሙ» አሏት።

«እሺ» አለችና እየዘለለች አለፈች።

ተረቴን መልሱ፣ በሩ ላይ ግን አትርመስመሱ።