ግንብ የተሻገረው ሐረግ

ስሟን ብናውቀውም ባናውቀውም ለነገራችን አይጎድልም፤ ግንቦቿ ያረጁ አንዲት የጥንት ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሼህ ጀውሀር የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ቁርኣን ሲያስቀሩና ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ከቤታቸው ጀርባ ካለችው ጠባብ ጓሮ በቀር ርስት ያልነበራቸው ሰው ናቸው።

ባለቤታቸው ሰዓዳ በጠና በታመሙ ጊዜ ሼሁ ነዝር አደረጉ፤ ስለት ተሳሉ። አላህ ለባለቤታቸው ዐፊያ ከሰጠ፣ እርሳቸው ዘንድ ቁርኣን የሚቀሩትን አሥራ ሁለት ደረሶች ረመዷንን ሙሉ ከጓሯቸው ፍሬ ሊያስፈጥሩ ቃል ገቡ። ሰዓዳ ዳኑ። ዓመቱ ግን ዝናብ የነጠፈበት፣ እህል ከገበያ የጠፋበት ሆነ። ነዝር ደግሞ ሲመች የሚፈጽሙት፣ ሳይመች የሚተዉት ነገር አይደለም።

ሼሁ ሦስት የዱባ ዘር ተከሉ። ሁለቱን ዶሮ ጭራ አወጣቻቸው፤ አንዱ ቀረ። ያንን አንዱን ፍግ እያለበሱ፣ ተባይ እንዳይነካው አመድ እየነሰነሱ አሳደጉት። ለሶላት ሲታጠቡ፣ ውዱእ ሲያደርጉ እንኳ ኩስኩስታቸውን ይዘው ሥሩ አጠገብ ይቀመጡ ነበር፤ ጠብታውም እንዳይባክን። ሐረጉ አደገ፣ ጓሮው ጠበበው፣ ግንቡን ተሻግሮ ወደ ጎረቤት ወረደ።

ጎረቤታቸው ሙሄ ሸማኔ ነው። ሼሁ ረጋ ያሉ፣ እርሱ ቁጡ፤ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው ነበሩ። ድሩን የሚዘረጋው በዚያው ግንብ ሥር ነው። አንድ ማለዳ ብቅ ቢል ሐረጉ በድሩ ላይ ተጠምጥሞ የአራት ቀን ልፋቱን በጣጥሶታል። ማጭዱን አነሳ፤ ሐረጉን ከግንቡ አናት ላይ ቆርጦ፣ ከነአበባውና ከነለጋ ፍሬው ወደ ሼሁ ጓሮ ወረወረው። ረመዷን ሊገባ አራት ወር ቀርቶት ነበር።

ሰፈሩ ተንጫጫ። አንዱ ቃዲ ዘንድ ይክሰሱት አለ፤ ሌላው እርግማናቸው ይበቃዋል አለ። እኔ ብሆን፣ አልዋሻችሁም፣ ሁለቱንም አደርግ ነበር። ሼሁ የወደቀውን ሐረግ ሲያነሱ ግን በላዩ የተጠመጠመውን ክር አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። ክሩን ቀስ ብለው ፈቱት፣ ጠቀለሉት፣ ሄደውም የሙሄን ደጅ አንኳኩ።

ሙሄ ለጠብ ተዘጋጅቶ ወጣ።

«ድርህን ያበላሸው የኔ ሐረግ ነው» አሉት። «ድንበር ያለፍኩት እኔ ነኝ፤ ዐውፍ በለኝ።»

ሙሄ ክሩን ተቀብሎ ደጁን ዘጋ።

ሰዓዳ በዚያ ቀን አለቀሱ፤ ነዝሩ ስለርሳቸው የተገባ ነበርና። ሼሁ ግን ውዱአቸውን እዚያው ሥሩ አጠገብ ማድረግ አልተዉም። ሼሁ ራስ የሌለው ሐረግ ያጠጣሉ እየተባለ ተሳቀባቸው።

ዱባ ያበቀለ ሰው ቀጥሎ የሆነውን ያውቀዋል። አናቱ የተቆረጠ ሐረግ በጎኑ ያቆጠቁጣል። ወር ሳይሞላ አምስት ቅርንጫፍ ወጣ፤ አምስቱም ፍሬ ያዙ። ሼሁ በዚህኛው ጊዜ ወደ ራሳቸው ጣሪያ መሩት፤ ቤታቸው በዱባ ተሸፈነ። የመጀመሪያው ሲበስል ተሸክመው ወደ ሙሄ ሊሄዱ ተነሡ። ሰዓዳ፣ በኩሩ የነዝሩ አይደለም ወይ ብለው ተከራከሩ። ሼሁም፣ እርሱ ባይቆርጠው ይህን ያህል አይበዛም ነበር፣ የሙሄ ሐቅ አለበት ብለው ወጡ።

ሙሄ ዱባውን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

«ሼሃችን፣ እኔ የቆረጥኩት እንዲደርቅብዎ ብዬ ነው።»

«አንተ የፈለግከውን ተወው፤ አላህ የፈለገውን ይኸው ተሸክሜዋለሁ።»

በማግስቱ ሙሄ ድሩን ወደ ግቢው ሌላ ጥግ አዛወረ። በግንቡ ሥር ባላ አቆመና ለጋ ፍሬ የያዘውን አንዱን ቅርንጫፍ በገዛ እጁ ወደ ራሱ ግቢ አሻገረው። ረመዷን ገባ። ደረሶቹ ወሩን ሙሉ በዱባ ወጥ አፈጠሩ፤ አንድም ምሽት አልጎደለም፤ ነዝሩ ተፈጸመ፣ አልሐምዱሊላህ። በዒድ ጧትም ሙሄ በርሱ በኩል ያደገውን፣ ከሁሉም የገዘፈውን ዱባ በትከሻው ተሸክሞ መስጊድ በተሰበሰበው ሕዝብ መሐል አልፎ ደረሶቹ ፊት አስቀመጠው። መስጊዱ በተክቢራ፣ በ«አላሁ አክበር» ድምፅ ተናጋ፤ የሳቁትም ተክቢራ አሉ።

ያኔ አንድ ሰው፣ ያን ሁሉ እንዴት ታገሡት ብሎ ጠየቃቸው።

«የተቆረጠውን ስቆጥር ብውል» አሉ ሼሁ፣ «የቀረውን ማን ያጠጣው ነበር?»

ብዙዎቻችን ሰብር፣ ማለትም ትዕግሥት፣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይመስለናል። የሼሁ ሰብር ግን ኩስኩስት ይዞ በቀን አምስት ጊዜ ወደ ሥሩ የሚመላለስ ነበር። ከዚያም በፊት የራሳቸውን ጥፋት ፈልገው አግኝተዋል፤ ይህ ከመታገሥም ይከብዳል። አላህ የተቆረጠብንን ሐረግ ስናነሳ፣ በላዩ የተጠመጠመውን የጎረቤታችንን ክር የምናይበትን ዓይን ይስጠን። አሚን።