ዘይት ነኝ ያለው ቆርቆሮ

ተረት ላውራችሁ? «አውራን» በሉኛ! እንዲያ ነው።

በድሮ ጊዜ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ነበሩ። እትዬ አስካለ መጣል አያውቁም። «አንድ ቀን ይጠቅማል» እያሉ ያረጀውን ሁሉ አልጋ ሥር ይከቱ ነበር። እዚያም ባዶ የዘይት ቆርቆሮ፣ ያለቀ ጎማና አፉ የተሸረፈ ጠርሙስ አብረው ይኖሩ ነበር።

የቆርቆሮው ኩራት ደግሞ አይጣል ነው! «እኔ ዘይት ነኝ፤ ወጥ ያለ እኔ አይጣፍጥም» ይላል።

ጎማው «ወንድሜ፣ ዘይቱ እኮ ካለቀ ቆየ» ሲለው ያኮርፋል።

አንድ ጠዋት ከደጅ «ቆራሌው!» የሚል ጥሪ ተሰማ። እትዬ አስካለ ብቅ ብለው «ና ልጄ፣ እየተጨቃጨቁ እንቅልፍ አሳጡኝ፤ ውሰድልኝ» አሉና ሦስቱንም ሰጡት። ቆራሌውም ተሸክሞ ወደ ገበያ ወሰዳቸውና ለየባለሙያው ሸጣቸው።

የጫማ ሠሪው ቢላ ጎማውን «ማን ነህ?» አለው።

«የመኪና እግር ነበርኩ፤ አሁን እንዳደረግኸኝ እሆናለሁ።»

ቢላው ቆረጠው፤ ጫማ ሆነና መንገዱን ቀጠለ።

እቶኑም ጠርሙሱን «ማን ነህ?» አለው።

«የጠላ ጠርሙስ ነበርኩ፤ አሁን እንዳደረግኸኝ እሆናለሁ።»

እቶኑ አቀለጠው፤ ብርሌ ሆነና ሠርግ ቤት ገባ።

መዶሻው ቆርቆሮውን «ማን ነህ?» አለው።

«ዘይት ነኝ!» አለና ሰውነቱን ገተረ። መዶሻው ቢመታው ጎኑ ተሰነጠቀ።

«ማን ነህ?»

«ዘይት ነኝ አልኩህ!» ሌላው ጎኑም ተሰነጠቀ።

ቀጥቃጩ ጋሽ ሙዘይን ተናደዱ። «አንዴ ደግሞ ከተሰነጠቀ ቆሻሻ ላይ እጥለዋለሁ» አሉ።

መዶሻው ይህን ሲሰማ አዘነ። ዝቅ ብሎም «ወንድሜ፣ እኔ ጠላትህ አይደለሁም። እስቲ ውስጥህን እየው» አለው።

ቆርቆሮው ውስጡን አየ። አንድ ጠብታ የለም። አለቀሰ።

«ባዶ ነኝ» አለ። «ባዶ መሆኔ ከታወቀ ማን ይፈልገኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

«እኛ የምንፈልገው እኮ ባዶውን ነው» አለው መዶሻው።

ቆርቆሮው ይህን ሲሰማ ሰውነቱን ለቀቀ። ጋሽ ሙዘይን ስንጥቁን በየዱት፣ ጆሮ ቀጠሉለት፣ አፉን በሚስማር በሳሱትና ችግኝ ለምታፈላ ሴት ሰጡት።

በማግስቱ አንዲት የጠወለገች የቃሪያ ችግኝ ከእሱ ጠጥታ ቀና አለች። «አንተ ደጉ፣ ማን ነህ?» ብላ ጠየቀችው።

«ዛሬ ውሃ ማጠጫ ነኝ» አላት። «ነገ ማን እንደምሆን ነገ ጠይቂኝ።»

እኔ የሰማሁትን አወራሁ፤ እናንተም ለሌላ አውሩ። ያለፈውን ስሙን የሙጥኝ ያለ ይሰነጠቃል፤ የለቀቀ ግን ገና ብዙ ይሆናል።