ከጓሮ የበቀለው ቄጤማ

አንድ ቄስ በቀዳም ስዑር ማለዳ ባዶ ቅርጫት ይዘው ከወንዝ ተመለሱ። የሄዱት ቄጤማ ሊያጭዱ ነበር። በዚያ ቀን ካህን በየቤቱ እየዞረ የሰላሙን ብሥራት ያሰማል፤ ምእመኑም የተሰጠውን ቄጤማ በራሱ ላይ አስሮ ትንሣኤን ይጠብቃል። ነገር ግን ሁለት ክረምት ዝናብ ቀርቶ ነበርና በወንዙ ዳር የተገኘው ድንጋይ ብቻ ነው።

መንደርተኛው በፋሲካ ማግስት ውኃ ወዳለበት አገር ሊሰደድ ቆርጧል። ጭቃ ሹሙ ከጥቂት ሰዎች ጋር በዋርካው ሥር ጓዝ ሲጠፍሩ ቄሱን አዩ።

«አባ፣ ዘንድሮስ ይቅርብዎ። በገለባ ቢያስሩልን አህያ ይከተለናል!»

ሰዎቹ ሳቁ። ቄሱ አልሳቁም።

«ደርሶን ማን ይሸከመዋል?» ሲሉ ጠየቁ።

ደርሶ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ ሲከድን ወድቆ ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ ወርዶ አያውቅም። ዘመድ የለውም፤ የምታስታምመው ጎረቤቱ ትርንጎ ናት።

«ያልተቀበረ ሬሳ ተሸክመን የት እንደርሳለን?» አሉ ጭቃ ሹሙ። «ትርንጎ ከፈለገች ትቆይለት።»

መቆየት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የቀረችው አንዲት ምንጭ እየነጠፈች ነው።

ቄሱ ይህን ለሁለቱ እንዴት እንደሚነግሩ ሳያውቁ ወደ መንደሩ ዳርቻ አዘገሙ። በደርሶ ቤት ጓሮ በኩል ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከጭቃው ግድግዳ ሥር አንድ ዕቅፍ የሚሆን ለምለም ቄጤማ ቆሟል።

«ትርንጎ! ይህን ማን ተከለው?» ሲሉ ወደ ቤቱ ተጣሩ።

«ማንም። የአምናውን ጉዝጓዝ ጠርጌ እዚያ ጥዬው ነበር፤ ሥር የነበረው ይሆናል። ጋሽ ደርሶን ያጠብኩበትንም እዚያው ነው የምደፋው።»

«በዚህ ድርቅ ታጥቢዋለሽ?»

«ታዲያ ፋሲካን እንዳደፈ ይቀበል እንዴ፣ አባ?»

ትርንጎ እንደ ሰው ሁሉ በቀን የምትቀዳው አንድ እንስራ ነው። ቄሱ ይህን ያውቃሉ። አጭደው ወደ ዋርካው ተመለሱ።

ቄጤማው ከየት እንደመጣ ሲሰሙ ጭቃ ሹሙ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«የበሽተኛ እጣቢ የጠጣ ሣር በእኔ ራስ ላይ?»

«በጸሎተ ሐሙስ እግራችሁን ሳጥብ፣ እጣቢውን ለበረከት ስትሻሙበት አልነበር?» አሉ ቄሱ፤ ይህን ሲሉም አንዱን ዘለላ በራሳቸው ላይ አሰሩ።

በመጨረሻ ጭቃ ሹሙም ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ለየቤቱ ቀጭን ቀጭን ዘለላ ደረሰ።

ዝናብ አልዘነበም። በፋሲካ ማግስት መንደሩ እንደቆረጠው ለጉዞ ተነሣ። የተለወጠው ነገር አንድ ነው፤ ጭቃ ሹሙ ራሳቸው ቃሬዛ ይዘው በደርሶ ደጅ ቆሙ።

አልጋውን ከግድግዳው ሲያርቁ፣ በራስጌው በኩል ጭቃውን በስቶ ወደ ጓሮ የሚወጣ መቃ አገኙ። መቃው እርጥብ ነበር። አጠገቡ የደርሶ የመጠጥ ውኃ ቅል ተቀምጧል።

ትርንጎ አፏን ያዘች። እሷም አታውቅም ነበር።

«ጋሽ ደርሶ፣ ከምትጠጣው ቀንሰህ ቄጤማውን ታጠጣው ነበር?»

«ነፋስ ሲመታው ድምፁን እሰማው ነበር» አለ ደርሶ። «በእግሬ መቆም ቢያቅተኝ ማጠጣትም ያቅተኛል?»

ጭቃ ሹሙ ጎንበስ ብለው የቃሬዛውን ፊተኛ ጫፍ ያዙ። ቄጤማው ገና በራሳቸው ላይ ነበር።

በትንሣኤ የሚያምን ሰው ተስፋውን ከቅሉ ቀንሶ ያጠጣል፤ ማንም ባያየው፣ ለምለሙንም ራሱ ባያየው እንኳ። እኛስ ሬሳ ነው ብለን ልንተወው ካሰብነው ሰው ስንት ለምለም ተቀብለን በራሳችን ላይ አስረናል?