የትርንጎ ክንድና የስንሻው ወለምታ

ግንቦት አሥራ አራት ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ስንሻው በላቸው የሚባል ሰው በመቶ ሰው ፊት «ቀሚስ አምጡለት!» አለኝ። ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ቀኑንና ሰዓቱን የምጽፈው «የድሮ ነገር ነው፣ ተረስቷል» የሚለኝ ሰው እንዳይኖር ነው። የረሳው እሱ ነው። እኔ አልረሳሁም።

ይህን የማነሳው ለቂም ብቻ አይደለም። በእኛ በወፍጮ ቤት ሰፈር የሚነገር አንድ አባባል አለ። ዛሬ ትንሹም ትልቁም ይለዋል። የዕድሩ ጸሐፊ ሳይቀር ከአያቱ የወረሰው እያስመሰለ በስብሰባ ላይ ሲለው ሰምቻለሁ። ከየት መጣ ሲባል አንዱ «የጎንደር ነው» ይላል፣ ሌላው «ከመጽሐፍ ነው» ይላል። ውሸታቸውን ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ስለ መጽሐፍ አልከራከርም። ያ አባባል ሲወለድ ግን ቆሜ አይቻለሁ። የተወለደው ለቅሶ ቤት ነው፣ ንፍሮ ድስት አጠገብ።

ነገሩ የሚጀምረው ከባለቤቴ ከትርንጎ ነው። ትርንጎ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ግራ ጡቷ ላይ ባቄላ የምታህል ነገር ዳሰሰች፤ ባቄላዋ ካንሰር ሆና ተገኘች። አዲስ አበባ ወሰድኳትና ጡቷ ተቆረጠ፣ ከብብቷ ሥርም ዕጢ አወጡላት። ከዚያ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት መጣ፣ ከዚያ ጨረሩ። ዓመት ከመንፈቅ ተመላለስን። በመጨረሻ ሐኪሙ «በሽታው አሁን አይታይም፣ እየመጣሽ ትታያለሽ» ብሎ ሸኛት። እኔ መዳን ማለት እንደ ዝናብ መስሎኝ ነበር፤ አባራ፣ አለቀ፣ ጥላህን እጠፍ።

አላለቀም። የተሰፋው ቦታ ደረቷን ጨምድዶ ይይዛታል። «ከልኬ በታች የተቆረጠ ሸሚዝ እንደለበስኩ ነው፤ ፈትቼ እንዳልሰፋው ቆዳዬ ነው» ትላለች። የሌለው ጡቷ ያሳክካታል። «ምኑን ልከከው?» ትለኝና ራሷ ትስቃለች። ሌላ ጊዜ መርፌ እንደወጋው ሰው ድንገት ክው ትላለች። የግራ ክንዷ ከቀትር በኋላ ይከብዳታል፣ ያብጣል። ነርሷ ስትሸኘን አንድ ነገር አጥብቃ ነግራን ነበር። «በዚህ እጅሽ ከባድ ነገር እንዳታነሺ። ክፉኛ ካበጠ ወደ ነበረበት ላይመለስ ይችላል።» ጨርቁን በግራ እጇ እየመራች ለምትሰፋ ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ስድስተኛ ክፍል ይበቃል።

ትርንጎ የራሷን ዘዴ አበጀች። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትንሽ ትራስ ሰፍታ ከብብቷ ሥር ታደርጋለች። ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ፊት ትቆምና በግራ እጇ ጣቶች ግድግዳውን እንደ ሸረሪት ቀስ እያለች ትወጣለች። የደረሰችበት ላይ በልብስ ጠመኔ ትንሽ መሥመር ታሰምራለች። መጀመሪያ ከትከሻዋ አላለፈችም፤ በሦስተኛው ወር ባርኔጣዬን የምሰቅልበት ምስማር ጋ ለመድረስ አንድ ስንዝር ቀራት።

እኔስ? እውነቱን ልናገር። አንድ ጠዋት እያቃሰተች ስትለብስ «አሁንም ነው እንዴ? ድነሻል አልተባለም?» አልኳት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት «ወይ» የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም፤ እኔም ሞኙ «ተሻላት» ብዬ ደስ አለኝ። አንድ ቀን ሳላስበው ብገባ የነጠላዋን ጥለት ነክሳ ጨርቅ ስትቆርጥ አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ ያንን ጥያቄ አልጠየቅኩም። እንግዲህ ሰፈሩን ስሰድብ ራሴንም አልፌ አይደለም።

የካቲት አሥራ ስድስት ቀን ስለቷን አስገባች። ታማ በተኛችበት ጊዜ ለኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ ተስላ ነበር። ዘርፉን በገዛ እጇ በሁለት ወር ሰፋችው። ስለት የሚያስነግረው ሰው ተቀብሎ «እኅታችን ትርንጎ ከማይድን ደዌ ፈጽማ ተፈውሳ!» አለ። «ፈጽማ» የምትለውን ማን እንደጨመረለት አላውቅም። እኛ አልጨመርንም። እልልታው ቀለጠ። ያቺ አንዲት ቃል ናት መከራ ያመጣችብን።

የዕድራችን ደንብ እንዲህ ነው፤ ሰው ሲሞት ሴቶቹ በየምድባቸው ውኃ ይቀዳሉ፣ ይቀቅላሉ፣ ይሸከማሉ። የታመመች ሴት ግን ከሸክም ነጻ ናት። ዳኛው ያኔ ስንሻው ነበር። አቶ የማልለው ረስቼ አይደለም።

ስለ ስንሻው አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ከዚያ አራት ዓመት በፊት ከበቅሎ ወድቆ እግሩ ወለም ብሎት ነበር። ወጌሻው በሳምንት አሽቶ አስነሣው። ያ ወለምታ ግን ከሰፈራችን አልወጣም። ለእግሩ ማሳረፊያ ዱካ በየስብሰባው ይከተለዋል፤ ተሸካሚ አለው። ሰው በአጠገቡ ካለፈ «እግሬን! እግሬን!» ይላል። በቅሎዋ ከሞተች ቆይታለች፤ ወለምታው ግን በሕይወት አለ። ሰፈሩ የአወዳደቁን ታሪክ ከአቡነ ዘበሰማያት እኩል በቃሉ ይዞታል።

ከስለቱ በኋላ በነበረው እሑድ፣ በዕድሩ ስብሰባ፣ ይህ ሰው እግሩን ዱካው ላይ እንደሰቀለ «ትርንጎ ከሕመምተኛ ትውጣ» አለ።

ትርንጎ ተነሣች። «ጋሼ ስንሻው፣ ክንዴ ከባድ አይችልም። ነርሷ እኮ…»

«ነርሷን ተያት። ስለትሽን አስገብተሻል አላስገባሽም?»

«አስገብቻለሁ።»

«እልል ተብሎልሻል አልተባለም?»

«ተብሎልኛል።»

«ታዲያ! ስለት አስገብቶ አመመኝ ማለት እመቤታችንን ሐሰተኛ ማድረግ ነው። እኔ አልጨክንብሽም፤ ከሁለት አንዱን ምረጪ። ወይ ጃንጥላሽን ከቤተ ክርስቲያን መልሰሽ ውሰጂ፣ ወይ እንደ ሴቶቹ ተሸከሚ።»

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። የሰሎሞን ፍርድ የሰሙ መሰላቸው። ሚስቱ አስካለም ከሴቶቹ መካከል «ውይ! እኔ እንኳ ጥርሴን ተነቅዬ በማግስቱ ጤፍ አበጥሬያለሁ» አለች። አሁንም ተሳቀ።

ትርንጎ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። «ጃንጥላውን የሰጠሁት ለነፍሴ ነው፤ ለክንዴ ገና አልተሳልኩም» አለች።

ይህን የሚያህል መልስ ሰምቶ ዝም ማለት ያባት ነበር። ስንሻው ግን ወደ ጸሐፊው ዞሮ «ጻፋት፣ ከአስካለ ምድብ» አለው። ተጻፈች።

ሦስት ወር ሰው ሳይሞት ቆየ። ከዚያ ባለ ወፍጮው አቶ መንበሩ ዐረፉና ጥሩምባው ተነፋ። ትርንጎ ነጠላዋን ስታዘቀዝቅ «ቅሪ» አልኳት።

«ሰው ያልቀበርኩ እኔን ማን ይቀብረኛል? ሄጄ ሽንኩርት እልጣለሁ» አለችኝና ትራሷን ከብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች።

ከቀብር መልስ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። ሴቶቹ ከጓሮ፣ ሸራ ሥር ናቸው፤ ከተቀመጥኩበት ይታዩኛል። ስንዴና ባቄላ የተቀቀለበት የንፍሮ ድስት ከእሳት ወርዷል፤ ሁለት ሰው በሁለት ጆሮው ይዞ የሚያነሳው ትልቅ ብረት ድስት ነው። አስካለ አንዱን ጆሮ ያዘችና ዞር ዞር ብላ አየች። ጎረምሳ የሚያካክሉ ሴቶች ቆመው ትርንጎን ጠራች።

«ነይ ያዢ!»

«እትዬ አስካለ፣ እኔ በቀኝ እጄ እንግዳ ላስታጥብ።»

«የሚያስታጥቡ ሞልተዋል። ድነሻል አይደል? ያዢ!»

ሌሎቹ ሴቶች ዐመድ ዐመዱን ያያሉ። አንዲትም «እኔ ልያዝ» ያለች የለችም። ትርንጎ ትራሷን አውጥታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠች፣ የነጠላዋን ጫፍ በግራ እጇ ላይ ጠመጠመች። ጎንበስ ስትል ጥለቱን በጥርሷ ነከሰችው።

ያንን ንክሻ አውቀዋለሁ። ተነሣሁ።

በእኛ አገር ወንድ ከድንኳን ወደ ሴቶቹ ጓሮ አይሻገርም፤ ውኃ ቢጠማው እንኳ ይጣራል። እኔ የሰው ጉልበት እየረገጥኩ ተሻገርኩና የድስቱን ጆሮ ከእጇ ወሰድኩ።

«ልቀቂ።»

«ኧረ አንተ ገረመው፣ ሰው ያያል!»

«ይይ።»

አስካለ ደንግጣ በእሷ በኩል ያለውን ጆሮ ለቀቀችው። ድስቱ ሊደፋ ሲል ሁለቱንም ያዝኩ፣ ሆዴ ላይ አስደግፌ ተሸከምኩት። የለበስኩት ኮት ተቃጠለ። ድንኳኑ በር ላይ ሳስቀምጠው መቶ ሰው ያየኝ ነበር። ያኔ ነው ስንሻው እግሩን ዱካው ላይ እንደሰቀለ የጮኸው።

«ቀሚስ አምጡለት! እኛ የጎደላት ሚስቱ መስላን፣ ለካ የጎደለው እሱ ኖሯል!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረሱት፤ የሟች ወንድም ሲስቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ትርንጎ እዚያው ጓሮ ሆና ሰማች። ፊቷን አላነሣችም።

ከሸራው ጥግ እማማ ደብሪቱ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ፣ በሰፈሩ ያልቀበሩት ሰው የሌለ አሮጊት ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። ሳቁ ጋብ ሲል ቀና ብለው በለስላሳ ድምፅ ጠየቁት።

«ስንሻው ልጄ፣ እግርህ እንዴት ሰነበተ?»

ሰውየው ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። እንደታመመ ልጅ ሆነ። «ኧረ እማማ፣ ምኑን ነግሬዎት! ደመና ሲሆን ከቁርጭምጭሚቴ ተነሥቶ እስከ ወገቤ ይጠዘጥዘኛል። ትናንት ዓይኔን አልከደንኩም።»

«አይዞህ። መቼ ነበር የወደቅኸው?»

«የፊታችን ሰኔ አራት ዓመቱ።»

«አራት ዓመት! ወጌሻው አሽቶህ አልነበረም?»

«ወጌሻ ምን ያውቃል፣ እማማ! አጥንቱ ቢገባ ሕመሙ ይቀራል እንዴ? ያላመመው ሰው አያውቀውም!»

መጀመሪያ የሳቀው ጥሩምባ ነፊው ነው። ከዚያ ከሴቶቹ አንዷ፣ ከዚያ ሌላዋ። ስንሻው ዙሪያውን አየ፤ ምን እንዳለ የገባው ዘግይቶ ነው። አንዲት ወጣት ሴት ሳትጠራ ሄዳ የሁለተኛውን ድስት አንድ ጆሮ ያዘች። አስካለ ሌላውን ጆሮ ያዘች።

ስንሻው የሚያደርገውን ሲያጣ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ! ምን ያስገለፍጥሃል? መልስ ካለህ እንደ ወንድ ተናገር!»

መልስ ነበረኝ። ዛሬም አለኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ስስለው ኖሬያለሁ። ያን ዕለት ግን የትርንጎ ክንድ ይቀድም ነበር። ወደ ጓሮው ተመልሼ ትራሷን ከድንጋዩ ላይ አንሥቼ ከብብቷ ሥር አደረግኩላት፣ በቀኝ ጎኗ ሆኜ ወደ በሩ ሄድን። ገና ከአጥሩ ሳንወጣ እማማ ደብሪቱ ልጣጩን ከቀሚሳቸው ላይ እያራገፉ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው፣ እንዲህ ሲሉ ሰማናቸው፦ «ምን ይደረግ፣ የጎረቤት ቁስል በማግስቱ ይሽራል።»